ቢጫ ካናቴራ ፍለጋ

ዛሬ የምናወራችሁ ስለ አንድ ኮንሰርት ነው። ኮንሰርቱ ላይ ግን አልነበርንም። ይህን ከወዲሁ መናገር ይሻላል፤ በኋላ «ያልዋሉበትን የሚያወሩ» ብላችሁ እንዳትታዘቡን። ያየነው በቪዲዮ ነው። ስንት ጊዜ እንዳየነው አትጠይቁን። ሰው አንድ ቪዲዮ ሠላሳ አርባ ጊዜ ካየ ዘፋኙን ቢወደው ነው ትሉ ይሆናል። መውደዱንስ እንወደዋለን። ያን ሁሉ ጊዜ ያየነው ግን ለዘፋኙ ብለን አይደለም። ከሕዝቡ መሃል ቢጫ ካናቴራ የለበሰ አንድ ሰው ስለምንፈልግ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው።

በጥር 2010 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ቴዲ አፍሮ ባሕር ዳር ስታዲየም ሊዘፍን ነው ተባለ። እኛ ያኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። አንድ ዴስክ ላይ ሁለት፣ ከኋላው ሁለት፣ ባጠቃላይ አራት ሴቶች። ወሬውን የሰማነው በእረፍት ሰዓት ነው። ደወል ተደውሎ መምህር ገብቶ እንኳ ወሬው አላለቀም።

የዚያን ሰሞን ሁኔታ ለሚያስታውስ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ለማያስታውስ ግን ትንሽ እንበል። ቴዎድሮስ ካሳሁን «ኢትዮጵያ» የሚለውን አልበሙን ያወጣው ሚያዝያ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። አልበሙ በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። በሚኒባስ፣ በሻይ ቤት፣ በፀጉር ቤት ሌላ ዘፈን መስማት ቀረ። ዘፋኙ ግን አገሩ ውስጥ መድረክ አልነበረውም። በነሐሴ 2009 መጨረሻ አዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ሊደረግ የነበረው የአልበሙ ምረቃ «ፈቃድ የለውም» ተብሎ በፖሊስ ቀረ። የአዲስ ዓመት ኮንሰርቱም አልተፈቀደም። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው እንግዲህ «ባሕር ዳር» የተባለው። ያውም አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ሜዳ ላይ፣ ሰማይ ሥር!

ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ማንኩሳ፣ ቡሬ፣ ኮሶበር፣ ዳንግላ፣ መራዊ እያለ ይሄዳል። መንገዱን በቃላችን እናውቀዋለን። ያላወቅነው የአባቶቻችንን ፈቃድ ማግኛ መንገድ ነው። የአንዳችን አባት የሰጡት መልስ እስከ ዛሬ በመካከላችን ይጠቀሳል፦

«ዘፈኑ እንደሆን እቤት አለ፤ ከፍቶ መስማት ነው። ባሕር ዳር ድረስ ሂዶ መስማት ምን የሚሉት ነው?»

የሌላዋ እናት ደግሞ ነገሩን በአንድ ቃል ጨረሱት። «ማትሪክ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

ስለዚህ ወኪል ላክን። ወኪላችን ጋሻዬ ነው። ጋሻዬ የአንዳችን ታላቅ ወንድም ነው፤ የእሷ ይሁን እንጂ አራታችንም ጋሻዬ እያልን ነው ያደግነው። ያኔ ቡሬ ከበርበሬ ነጋዴ ዘንድ ይሠራ ነበር፤ ጆንያ ይሰፋል፣ ይመዝናል፣ ይጭናል። ፍኖተ ሰላም በመጣ ቁጥር በርበሬው ከልብሱ ላይ እየተነነ እኛን ያስነጥሰናል፤ እሱ ግን ለምዶታል። ለኮንሰርቱ ብሎ ከገና በፊት ጀምሮ ገንዘብ አጠራቅሟል። ሊሄድ ሲነሳ ደወለልን።

«ቢጫ ካናቴራ ነው የምለብሰው። ከመድረኩ ፊት ለፊት እቆማለሁ። ቪዲዮው ሲወጣ ፈልጉኝ።»

ጋሻዬ አንድ ያላሰበው ነገር ነበር። በቴዲ አፍሮ ኮንሰርት ላይ ቢጫ ለብሶ «ፈልጉኝ» ማለት፣ በጥምቀት ነጭ ለብሶ «ፈልጉኝ» ማለት ነው!

ቪዲዮው ወዲያው አልደረሰንም። ቁርጥራጩ ነው በየአቅጣጫው የመጣው። ሦስት ደቂቃ ከአንዱ ስልክ፣ አምስት ደቂቃ ከሌላው። በዜንደር ተቀበልን። የቀረውን ዘፈን የሚጭንልን ልጅ ሜሞሪያችን ላይ ሞላልን። አንድ ቅዳሜ ማታ በፍላሽ አድርገን የአንዳችን ቤት ቴሌቪዥን ላይ ሰካነው። ምሽት ነው፤ ስታዲየሙ በሰው ሞልቷል፤ ባንዲራ ይውለበለባል፤ የስልክ መብራት እንደ ከዋክብት ተበትኗል። እኛ ምንጣፍ ላይ ተደርድረን አፍንጫችንን ከስክሪኑ አስጠግተን ቢጫ ፍለጋ! አቁሚው፣ መልሺው፣ እዚያ ጋ፣ ኧረ እሱ አይደለም፣ እሱማ ጢም አለው... በዚያች ማታ ብቻ አሥራ አንድ ቢጫ ካናቴራ ቆጠርን። አንደኛው በቁመቱም በትከሻውም ጋሻዬን ቁርጥ ነው ስንል ዞር ሲል ሴት ሆኖ ተገኘ።

ያ «ምን የሚሉት ነው» ያሉት አባት «አጥፉና ተኙ» ሊሉ ገብተው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«ይኸ ሁሉ ሰው ራቱን በልቶ ነው የመጣ?»

በጥያቄው የሳቅነው በኋላ ነው። ያኔ ግን አንድ ነገር ገባን። አባትየውም እንደኛው ዘፋኙን አላዩም። ሰዉን ነው ያዩት።

አሁን ትንሽ ወደ ሙዚቃው እንሂድ። ፈረንጆቹ «ፎክ ሮክ» የሚሉት ነገር አለ። ነገሩ ከባድ አይደለም፤ አያቶች በሣር ጎጆ ያንጎራጎሩትን ዘፈን ወስደህ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከድራም ጋር ታጋባዋለህ። ጋብቻው ግን ሁልጊዜ በምርቃት አይጀመርም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1965 ቦብ ዲላን አሜሪካ ኒውፖርት በሚካሄደው የሕዝብ ዘፈኖች ፌስቲቫል ላይ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ብቅ ሲል ከታዳሚው ጩኸት ተነሳበት። ጩኸቱ ለጊታሩ ነው ወይስ ድምፁ ጥሩ ስላልነበረ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሊያከራክር የቻለውም መሬይ ለርነር የተባለ ሰው ካሜራ ይዞ እዚያው ስለነበረ ነው። ፊልሙ ባይኖር ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር።

በእኛም አገር ጋብቻው ተሞክሯል። ጃኖ ባንድ ስሙን ከባህል ልብሳችን ወስዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የሚለውን አልበም ቢል ላስዌል ከሚባለው አሜሪካዊ ፕሮዲውሰር ጋር ሲያወጣ የሮክ ጊታርን ከአገራችን ቅኝት ጋር አስተቃቅፏል። ቴዲን የሮክ ዘፋኝ ነው የሚለው የለም፤ እኛም አንልም። ነገር ግን ከኋላው አቡጊዳ ባንድ በጊታርና በድራም ቆሞ እሱ የአገር ቤት ዜማ ሲያወጣ፣ ሕዝቡ ደግሞ ያንን ዜማ ከእናቱ ጓዳ ጀምሮ እንደሚያውቀው ሲቀበል፣ ስሙ ማንም ይሁን ማን ነገሩ ያው ነው።

ለእኛ ደግሞ ሌላም ምክንያት ነበረው። በዚያ አልበም ውስጥ ያለው «ማር እስከ ጧፍ» ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተቀዳ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ያ መጽሐፍ የት እንደሚጀምር ታውቃላችሁ? ማንኩሳ! በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው። ማንኩሳ ማለት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ በሚኒባስ እያንቀላፋን የምናልፋት ከተማ ናት። አንድ ጊዜ የተሳፈርንበት መኪና ሹፌር ማንኩሳ መግቢያ ላይ ሲደርስ ያንን ዘፈን ከፈተና ድምፁን ጨመረው። ምንም አላለም። ተሳፋሪውም ምንም አላለም። ሁሉም ግን በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። በቆሎው፣ ባሕር ዛፉ፣ አህያ የሚነዳው ልጅ፣ ሁልጊዜ የምናየው ሁሉ ያን ቀን መጽሐፍ ውስጥ የገባ መሰለን።

ከዚያ ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ተበታተንን። ከአራታችን አንዷ ጋዜጠኝነት ደረሳት። ይህን የምትጽፈው እጅ የሷ ናት፤ የምናወራው ግን አራታችንም ነን። ትምህርቱን በስልክም በእረፍትም ስላካፈለችን ሦስታችንም ግማሽ ግማሽ ጋዜጠኛ ሆነናል።

ካካፈለችን አንዱ የድምፅ ነገር ነው። ትልልቅ ኮንሰርቶች ሲቀረጹ ድምፁ በአብዛኛው የሚወሰደው በቀጥታ ከሚክሰሩ ነው። ወደ ሚክሰሩ የሚገባው ደግሞ መድረክ ላይ ያለው ማይክራፎን ሁሉ ነው፤ የዘፋኙ፣ የጊታሩ፣ የድራሙ። ሕዝቡ ፊት ማይክራፎን ካልተተከለ በቀር ሕዝቡ አይሰማም። ለዚህ ነው ጥርት ያለ የኮንሰርት ቪዲዮ አንዳንዴ ባዶ ቤት ውስጥ የተዘፈነ የሚመስለው። በስልክ የተቀረጸው ደግሞ ይንጫጫል፣ ይሰነጠቃል፣ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፤ ነገር ግን ከቀራጩ አጠገብ የቆመችው ልጅ ሳቋም ልቅሶዋም አለ። እኛ ስልክ ላይ ካለን ቁርጥራጭ አንደኛው እንዲህ ያለ ነው። ዘፋኙ ማይክራፎኑን ወደ ሕዝቡ ያዞራል፤ ሕዝቡ ይቀበላል፤ ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ያው ዜማ ከሩቅ፣ ደከም ብሎ፣ ድጋሚ ይሰማል። «የገደል ማሚቶ ነው፤ ከስታዲየሙ ግድግዳ የተመለሰ ነው» ብለን ተስማምተን ተውነው።

ሁለተኛው ያካፈለችን ነገር ዉድስቶክ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1969 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ቤቴል በምትባል የገጠር ቦታ፣ የወተት ላም የሚያረባ አንድ ገበሬ መሬት ላይ ከ400 ሺህ በላይ ወጣት ተሰበሰበ። የገበሬ መሬት ላይ! የእኛ አባቶች ቢሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ለካሳው ስንት ሰጡት?» ነው። ማይክል ዋድሌይ የሚባል ዳይሬክተር ከነጓዶቹ ቀረጸው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1970 ወጥቶ ለዘጋቢ ፊልም የሚሰጠውን ኦስካር ወሰደ። ከሦስት ሰዓት በላይ ነው፤ አራታችን ለክረምት እረፍት ስንገናኝ በላፕቶፕ አየነው፤ ሁለት ጊዜ መብራት ጠፍቶብናል።

ከዚያ ሁሉ ጊታር ዛሬ ድረስ የምናስታውሰው ማንን ነው? ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ቤት የሚያጸዳውን ሰውዬ ነው። በፊልሙ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው ያለው። ሥራውን እየሠራ ያወራል። አንድ ልጁ እዚያው ኮንሰርቱ ላይ፣ ከሕዝቡ መሃል እንደሆነ ይናገራል። ሌላው ልጁ ቬትናም ጦርነት ላይ ነው። ይህንን ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ዳይሬክተሩ ካሜራውን መድረክ ላይ ብቻ ተክሎት ቢሆን ኖሮ ያ አባት አይኖርም ነበር። እኛም ያ ሁሉ ወጣት ለምን እዚያ ጭቃ ላይ እንደተሰበሰበ ግማሹን አናውቅም ነበር።

አገራችንም እንዲህ ያለ ፊልም አላት። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌ 60ኛ ዓመት ልደት መስቀል አደባባይ ላይ በኮንሰርት ሲከበር አደባባዩ ጢም ብሎ ነበር፤ ስቴፋኒ ብላክ ያን ይዛ «አፍሪካ ዩናይት» የሚለውን ፊልም ሠራች። እኛ ያኔ ኬጂ ነበርን። በፊልሙ ውስጥም የማርሌ ቤተሰብ ብቻ አይደለም ያለው፤ ከየአገሩ ተጠርተው የመጡ ወጣቶችም ቁጭ ብለው ስለ አህጉራቸው ያወራሉ።

ለመሆኑ ሰውን ወደ ሰው አዙሮ መቅረጽ ከፈረንጅ የምንማረው ነገር ነው እንዴ? በጭራሽ! የቡሬው የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ቀድሞ ያውቀው ነበር።

ጥር 2011 ላይ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ሠርግ ተጠራን። መንገዱ ላይ ባጃጁ እምቢ ብሎ የቀረውን በእግር ሄድን። ዳሱ በባሕር ዛፍ ተጥሏል፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ጠላው ቀርቧል። አንድ ማሲንቆ መቺ፣ አንድ ከበሮ፣ አንድ ሴት ዘፋኝ። መድረክ የሚባል ነገር የለም። ሰዉ ዙሪያውን ይከባቸዋል፤ እነሱ መሃል ናቸው። አንዱ ጎምቱ ሽማግሌ ይነሱና «ተቀበል!» ይላሉ። ስንኝ ይሰጣሉ። አዝማሪው ስንኙን ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ሌላው ይነሳል፣ «ተቀበል!»። ግጥሙን የሚያወጣው ታዳሚው ነው፤ ዘፋኙ አፍ ይሆነዋል። አንዳንዱ የሞተ ወንድሙን ያነሳል፣ አንዳንዱ ጎረቤቱን ይነካል፣ አንዳንዱ ሙሽራውን ይመርቃል። ከዚያ እስክስታው ይወርዳል፤ የጎጃም ትከሻ እንደሆነ ታውቁታላችሁ!

ቪዲዮ አንሺው ታዲያ የት ይቁም? መድረክ የለም፣ ፊት ለፊት የሚባል የለም። ክቡ ውስጥ ገብቶ እየተገፋ፣ በጄኔሬተር የሚበራ አምፖሉን ይዞ፣ ይዞራል። ሲዞር ፊቱን የማይነካው ሰው የለም። ከቡሬ ሠርቶ ያመጣው ዲቪዲ አራት ሰዓት ነበር። ማን አራት ሰዓት ያያል ብለን ስቀናል።

የሚያዩ ነበሩ። አያታችን! የአንዳችን አያት ናቸው፤ የሁላችንም ሆነዋል። ያንን ዲቪዲ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያስከፍታሉ። የሚያዩት እንደኛ ነው፤ አዝማሪውን አልፈው ከኋላ ያለውን። «እገሊት አይደለችም ይቺ? ምነው ከሳች?»፣ «ይኸ የአያ እገሌ ልጅ ነው፤ እንዴት አድጓል!»፣ አንዳንዴም «እሰይ፣ እዚህ ላይ እንኳ ስቀው ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር።» እሳቸው ቪዲዮውን የሚያዩት ማን እንዳለና ማን እንደሌለ ለማወቅ ነው። እኛ ያኔ ይህ የአሮጊት ነገር ይመስለን ነበር።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኢንተርኔት ተቋረጠ። ነሐሴ ላይ የፍኖተ ሰላም ስም በዓለም ዜና ማሰራጫዎች ተጠራ። ስሟ የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ የተጠራችው ግን በከተማዋ በደረሰ ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተዘግቦ ነው። እኛ ያኔ ሁለታችን አዲስ አበባ፣ አንዳችን ባሕር ዳር፣ አንዳችን እዚያው ፍኖተ ሰላም ነበርን። ፍኖተ ሰላም ያለችውን ለቀናት በስልክ አላገኘናትም። ስታነሳ መጀመሪያ ያለችው «አለሁ» ነው። ከዚያ ምንም ሳንነጋገር ቆየን። ካርዱ እስኪያልቅ ዝም ብሎ መደዋወልም አለ ለካ።

በነዚያ ወራት አዲስ አበባ ያለነው ሁለታችን የተከራየናት ክፍል ውስጥ ያን አሮጌ ቴክኖ ስልክ ከሻንጣ ሥር አወጣነው። ስክሪኑ ተሰንጥቋል፤ ሜሞሪው ግን ደኅና ነው። የባሕር ዳሩ ኮንሰርት ቁርጥራጮች ሁሉም አሉ። ቻርጅ ላይ እንዳለ ከፈትነው። እንደ ልማዳችን ቢጫ ካናቴራ ልንፈልግ ነበር። ግን አልሆነም። ዓይናችን ሁሉም ላይ መቆም ጀመረ። ይህ ጓደኛውን ትከሻው ላይ ያወጣው ልጅ አሁን የት ነው? ይቺ ዓይኗን ጨፍና የምትዘፍነው? ይህ ባንዲራ ለብሶ የሚዘለው? ያን ሁሉ ሺህ ሰው አንድ ሜዳ ላይ፣ አንድ ቃል እየተናገረ ያየነው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው? አያታችን እሑድ እሑድ የሚያደርጉትን እያደረግን እንደሆነ የገባን ያኔ ነው።

ጋሻዬም ቡሬ ነው። በነዚህ ዓመታት መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ፣ በአካል ሳናየው ከሁለት ዓመት በላይ ሆነን። አሁን በርበሬውን ትቶ ባጃጅ ይዟል። ባለፈው ጥር አንድ ማታ ደወለ። ስለ እናቱ፣ ስለ ቤንዚን፣ ስለ ኑሮ አወራን። ከዚያ አንዳችን ቪዲዮውን እንደገና እንዳየነው ነገርነው።

«እስካሁን ትፈልጉኛላችሁ?»

«ታዲያስ! አንድ ቀን እናገኝሃለን።»

ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ።

«አታገኙኝም።»

«ለምን?»

«አልገባሁማ!»

መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለን። ከዚያ ሁሉንም ነገረን። ባሕር ዳር ከመኪና ሲወርድ ኪሱ ባዶ ሆኖ ጠበቀው። በግርግሩ ወስደውበታል። «ሌባው ካናቴራውን ብቻ ተወልኝ» አለ። ወደ ቡሬ እንዳይመለስ መሳፈሪያ የለውም፤ እንዳይገባ ትኬት የለውም። ስለዚህ ስታዲየሙ ውጭ ቆመ። ብቻውን አልነበረም። ትኬት ያላገኘው፣ ገንዘብ ያነሰው፣ እንደሱ የተዘረፈው፣ ልጅ ያዘለችው፣ ብዙ ሰው ውጭ ቆሟል። ቆሎ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ተቀመጠ፤ ነገሩን ስትሰማ በነፃ ዘገነችለት። መድረኩን አላየውም። ያየው ከግድግዳው በላይ ወደ ሰማይ የሚወጣውን ብርሃን ብቻ ነው።

«ድምፁ ግን አንድም አልቀረብኝ። ሲቀበሉ እኛም ተቀበልን። እኛ እንደውም ዘግይተን እንጨርስ ነበር፤ ሰዎቹ ውስጥ ጨርሰው እኛ ውጭ ገና ነን» ብሎ ሳቀ።

«ታዲያ ለምን ዋሸኸን?»

«እናንተም ቀርታችኋል። ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ገብቷል ብላችሁ ደስ ይበላችሁ ብዬ ነዋ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሁለታችን ተያየን። አሮጌውን ቴክኖ አወጣነው። ያንን የሚንጫጫውን ቁርጥራጭ ከፈትን። ዘፋኙ ማይክራፎኑን ያዞራል፤ ሕዝቡ ይቀበላል፤ ከዚያ ያ ከሩቅ የሚመጣው፣ ደከም ያለው፣ ዘግይቶ የሚደርሰው...

ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው፤ ፊዚክስ ላይ ተምረነዋል። ከመድረኩ 170 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ዘፈኑ ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሰዋል። እሱ ሲቀበል ደግሞ ድምፁ እስኪመለስ ሌላ ግማሽ ሰከንድ። የገደል ማሚቶም ሊሆን ይችላል፤ እንምላለን አንልም። እኛ ግን ከዚያ ማታ ጀምሮ ማሚቶ ብለን አንጠራውም። አሁን ስንከፍተው ዓይናችንን ጨፍነን ነው የምንሰማው፤ በዓይን መፈለጉን ትተነዋል።

ባሕር ዳር ላለችውና ፍኖተ ሰላም ላለችው ለሁለቱም ደውለን ነገርናቸው። የፍኖተ ሰላሟ ብዙ ከሳቀች በኋላ «በሉ ለአባቴም ልንገረው» አለች። ነገረቻቸው። መልሳቸውን በማግስቱ ላከችልን።

«ከውጭ ሆኖ ከሰማማ እቤቱ ሆኖ ቢሰማ ምን ነበረበት?» ብለዋል። ትንሽ ቆይተው ግን «ለመሆኑ ውጭ የነበሩትስ ስንት ይሆኑ ይሆን?» ብለው ጠየቁ አለች።

እናንተስ? ስልካችሁ ውስጥ የቆየ የኮንሰርት፣ የጥምቀት፣ የሠርግ ቪዲዮ ካለ አታጥፉት። ቦታ ሞላብን ብላችሁ ዘፋኙን ብትቆርጡ ግድ የለም፤ እሱ ሌላ ቦታ ይገኛል። ከኋላ ያሉትን ግን ተዉአቸው። የሚፈልጋቸው ሰው አይጠፋም።

ቸር እንሰንብት።